ከስላይጎ ጅረት እስከ ቼሳፒክ፦ በአናኮስቲያ ተፋሰስ የተማሪዎች የውሃ ጤና ክትትል

ሲልቨር ስፕሪንግ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ድንበር ጋር ተያይዛ የምትገኝ ስትሆን፣ በአሜሪካ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባቸውና ከሚነግዱባቸው ሥፍራዎች አንዷ ናት። በምሥራቃዊ ክፍሏ የሚጥለው ዝናብ ከጣራና ከአስፋልት ወርዶ በመንገድ ጠርዝ ባሉት የጎርፍ መቀበያዎች ከገባ በኋላ፣ በአብዛኛው አንዳችም ማጣሪያ ሳያልፍ፣ ስላይጎ ወደሚባለው ጅረት ይፈስሳል። ስላይጎ በሃያትስቪል ኖርዝዌስት ብራንች ከተባለው ጅረት ጋር ይቀላቀላል፤ ይህም በብላደንስበርግ ኖርዝኢስት ብራንችን ሲያገኝ ከዚያ ወዲያ አናኮስቲያ ወንዝ ይባላል፤ አናኮስቲያ በዲሲ ወደ ፖቶማክ፣ ፖቶማክም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባል። ስለዚህ ባሕር ከቤቱ መስኮት የማይታየው የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ፣ ስድስት ክፍለ ግዛቶችንና ዲሲን የሚያካልለው፣ 166,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋውና ከ18 ሚሊዮን በላይ ሰዎች የሚኖሩበት የቼሳፒክ ተፋሰስ ነዋሪ ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም ተማሪዎች በዚህ ተፋሰስ ጅረቶች ላይ የሚያካሂዱት ክትትል ለራሳቸው ከሚያስገኝላቸው ዕውቀት አልፎ ለውሃው ጤና ምን ያህል ይጠቅማል የሚል ነው። አቋሜን ከመነሻው ላስቀምጥ። የተማሪ ልኬት ዋጋ የሚኖረው የሚጠየቀው ጥያቄ፣ የአለካኩ ሥርዓትና መረጃውን የሚረከበው ክፍል ማንነት ልጁ ቦት ጫማውን አድርጎ ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ሲታወቁ ነው። እነዚህ በተሟሉበት ቦታ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የመንግሥት ባለሙያ ያልደረሰበትን ክፍተት ይሞላል። ባልተሟሉበት ቦታ ግን የልጆቹ ድካም በመምህሩ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፤ ይህም ሊቆጨን የሚገባ ብክነት ነው። (በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዙና ሕመሙ

አናኮስቲያ ከብላደንስበርግ እስከ ፖቶማክ ያለው ርዝመት 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ተፋሰሱ ግን 456 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በሞንትጎመሪና በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች እንዲሁም በዲሲ መካከል የተከፋፈለ፣ ከ800,000 በላይ ሕዝብ የሚኖርበት ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ውቅያኖስ የሚያቋርጡ መርከቦች ብላደንስበርግ ድረስ ይዘልቁ ነበር። ለትምባሆ እርሻ ሲባል ደኑ ሲመነጠር አፈሩ እየታጠበ ወርዶ ወደቡን በደለል ሞላው፤ ዛሬ በዚያ ሥፍራ ትልቅ መርከብ ይቆም ነበር ቢባል ለማመን ይቸግራል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል ወንዙን ሲቆፍርና ዳርቻውን ሲደለድል፣ ጎርፉን እንደ ወንፊት ያጣራ የነበረው ረግረጋማ መሬት አብዛኛው ጠፋ።

የወንዙን ሕመም ለመረዳት አንድ የተፈጥሮ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። አናኮስቲያ ምንም እንኳ ውሃው ጨዋማ ባይሆንም የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እስከ ብላደንስበርግ ድረስ ይሰማዋል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ውሃው ወደ ላይ ይገፋል፣ ሁለት ጊዜም ወደ ታች ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ከላይ የገባ ቆሻሻ ወዲያው ታጥቦ አይሄድም፤ በተለይ ዝናብ በሚጠፋበት ወቅት ለሳምንታት እዚያው ሲመላለስ ይቆያል፣ ደለሉም ከሥር ይተኛል። በደለሉ ውስጥ የቆዩ የኢንዱስትሪ ኬሚካሎች ስላሉ፣ ከወንዙ የሚጠመዱ አንዳንድ ዓሣዎች እንዳይበሉ፣ ሌሎቹም በመጠን እንዲበሉ የከተማው አስተዳደር ያስጠነቅቃል። በዲሲ ወንዞች መዋኘት ከ1971 ጀምሮ የተከለከለ ነው። ከከተማዋ አንድ ሦስተኛ በሚሆነው አሮጌ ክፍል የመጸዳጃ ፍሳሽና የዝናብ ውሃ በአንድ ቱቦ የሚሄዱ በመሆናቸው፣ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ቱቦው ሞልቶ ይገነፍል ነበር፤ በአማካይ ዓመት ወደ አናኮስቲያ ይገባ የነበረው እንዲህ ያለ ድብልቅ ፍሳሽ 2 ቢሊዮን ጋሎን ወይም 7.5 ቢሊዮን ሊትር ገደማ ይደርስ ነበር።

ተማሪዎች ወደ ውሃው የመጡበት መንገድ

በ2000 የተፈረመው የቼሳፒክ ስምምነት ከ2005 ተመራቂዎች ጀምሮ በተፋሰሱ ያለ እያንዳንዱ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ከመጨረሱ በፊት በባሕረ ሰላጤው ወይም በጅረት ላይ ትርጉም ያለው የመስክ ትምህርት እንዲያገኝ ግብ አስቀመጠ። በ2002 የፌዴራሉ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር፣ በምኅጻሩ ኖኣ፣ ለዚሁ ዓላማ ቢ-ዌት የተባለ የገንዘብ ድጋፍ ጀመረ። በ2011 ሜሪላንድ የአካባቢ ዕውቀትን ከሁለተኛ ደረጃ መመረቂያ መስፈርቶች ውስጥ በማስገባት ከአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ቀዳሚ ሆነች። የ2014ቱ ስምምነት ደግሞ ግቡን ከፍ አድርጎ እያንዳንዱ ተማሪ በአንደኛ፣ በመካከለኛና በሁለተኛ ደረጃ ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ትምህርት እንዲያገኝ አለ። ለሜሪላንድ ቤተሰቦች በይበልጥ የሚታወቀው ግን ተማሪው ለመመረቅ ማሟላት ያለበት የ75 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ነው፤ ብዙ ልጆች ጅረት ዳር የሚገኙት ይህንን ሰዓት ሲሞሉ ነው።

በዲሲ በኩል መንገዱ ትንሽ የተለየ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ጀምሮ ምግብና መጠጥ የሚሸጡ ሱቆች ለአንድ የፌስታል ወይም የወረቀት ከረጢት 5 ሳንቲም እንዲያስከፍሉ የሚያስገድድ ሕግ በሥራ ላይ ዋለ። ከዚህ የሚሰበሰበው ገንዘብ አብዛኛው ወደ አናኮስቲያ ማጽጃ ፈንድ የሚገባ ሲሆን፣ ከሚውልባቸው ሥራዎች አንዱ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ከቤታቸው ውጭ እያደሩ ስለ ተፋሰሱ የሚማሩበት የመስክ መርሐ ግብር ነው። የሕጉን አወጣጥ የገፋው ቀደም ብሎ በወንዙና በገባሮቹ ውስጥ የቆሻሻው ዓይነት አንድ በአንድ ተቆጥሮ፣ በተለይ በገባሮቹ የፌስታል ድርሻ እጅግ ከፍተኛ ሆኖ መገኘቱ ነበር። ቆሻሻ መቁጠር ያለ ውድ መሣሪያ የሚሠራ ተራ ሥራ ነው፤ ሆኖም የቆጠራው ውጤት ወደ ምክር ቤት ሲደርስ ሕግ አስወጥቷል። ሞንትጎመሪ ካውንቲም በ2012 ተመሳሳይ ክፍያ ጀመረ።

ከእነዚህ ድንጋጌዎች አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ሁሉም በዋናነት ያሰቡት ስለ ተማሪው እንጂ ስለ መረጃው አይደለም። መምህሩ ክፍሉን ወደ ጅረት ወስዶ፣ ልጆቹ ጠይቀው፣ ለክተውና ተወያይተው ሲመለሱ ግዴታው ተሟልቷል፤ የተለካው ቁጥር የት እንደደረሰ የሚጠይቅ የለም። በትምህርት ረገድ ይህ ነውር የለበትም። ነገር ግን ለልጆቹ "የምትሠሩት ሥራ ወንዙን ይረዳል" ከተባለ፣ ቃሉ እውነት እንዲሆን ከመስክ ጉዞው በላይ ሌላ ዝግጅት ያስፈልጋል።

ከድንጋይ ሥር የሚገኘው ማስረጃ

ለተማሪዎች ከሁሉ ይልቅ የሚስማማው መለኪያ በጅረት ድንጋዮች ሥር የሚኖሩትን ትናንሽ አከርካሪ አልባ እንስሳት፣ በተለይም የነፍሳት እጮችን፣ መሰብሰብና መለየት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንዱ ተማሪ መረቡን ወንዙ በሚወርድበት አቅጣጫ ዘርግቶ ይይዛል፤ ሌላው ከመረቡ በላይ ቆሞ ድንጋዮቹን በእጁ ያሻል፣ ሥሩንም በእግሩ ያውካል፤ የተነሣውን ሁሉ ውሃው ራሱ ወደ መረቡ ያመጣዋል። ከዚያ በነጭ ትሪ ላይ ተገልብጦ፣ በማንኪያና በወረንጦ እየተለቀመ በየዓይነቱ ይመደባል።

ስቶንፍላይ የተባለው እጭ ሁለት ጅራት አለው፤ ቀዝቃዛና ኦክስጅን የበዛበት ውሃ ይፈልጋል፣ ብክለትንም ከሌሎቹ ይልቅ አይችልም። ሜይፍላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጅራት ሲኖረው በሆዱ ግራና ቀኝ የሚርገበገቡ መተንፈሻዎች ይታዩበታል። ካዲስፍላይ ደግሞ ከአሸዋና ከቅጠል ቁራጭ፣ ከአፉ በሚያወጣው ክር እያያያዘ፣ ለራሱ ቤት የሚሠራበት ዝርያ አለው፤ ይህን ያየ ልጅ ጅረቱን ዳግመኛ እንደ ተራ ቦይ የሚያየው አይመስለኝም። እነዚህ ሦስት ወገኖች በብዛትና በዓይነት ሲገኙ ጅረቱ ደህና ነው ይባላል። በአንጻሩ ቀይ የሆኑት የትናንሽ ዝንቦች እጮችና የውሃ ትሎች ብቻ የሞሉበት ትሪ ጅረቱ መታመሙን ያሳያል፤ ቀይነታቸው የመጣው ኦክስጅን በጎደለበት ሥፍራ ለመኖር ከሚረዳቸው ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ኦክስጅን ከሚይዘው ቀይ የደም ንጥረ ነገር፣ ነው።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ጊዜን መሸከሙ ነው። የኬሚካል ልኬት የሚናገረው ስለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው፤ ትናንት ሌሊት መርዝ ፈስሶ ከሆነ ዛሬ ጠዋት ውሃው ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እጮቹ ግን በዚያ ቦታ ለወራት፣ አንዳንዶቹም ከዓመት በላይ የኖሩ ስለሆኑ፣ ያለፈውን ሁሉ በመኖራቸው ወይም በመጥፋታቸው ይመሰክራሉ። የሜሪላንድ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት በ2000 ስትሪም ዌደርስ የተባለውን የበጎ ፈቃደኞች መርሐ ግብር ሲጀምር የመረጠውም ይህንኑ ዘዴ ነበር። በመርሐ ግብሩ በጎ ፈቃደኞቹ ሠልጥነው በማርችና በኤፕሪል ናሙናውን ይሰበስባሉ፤ የዝርያ መለየቱን ሥራ ግን የመሥሪያ ቤቱ ላቦራቶሪ ይሠራዋል። በእኔ ግምት የጉዳዩ ቁልፍ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ እጅ የሚፈልገው ሥራ ለብዙኃኑ፣ የሠለጠነ ዓይን የሚፈልገው ሥራ ለባለሙያው ተሰጥቷል።

ይህ የሥራ ክፍፍል ያስፈለገበት ምክንያት አለ። አዲስ ለቃሚ ዓይኑ የሚያርፈው በትልልቁና በሚንቀሳቀሰው ላይ ስለሆነ ትንሹና የማይንቀሳቀሰው በትሪው ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ከትሪው "የታየውን" ብቻ የሚያስመዘግብ ክፍል የጅረቱን ጤና በተሳሳተ መንገድ ይገምታል። መፍትሔው ትሪውን በመስመር ከፋፍሎ ከተመረጡት ክፍሎች ያለውን ሁሉ መልቀም፣ ወይም ናሙናውን በአልኮል አቆይቶ ለሚያውቅ መላክ ነው። ሁለተኛው ፈተና የስሜት ነው። እንደ ስላይጎ ባለ የከተማ ጅረት ስቶንፍላይ አለመገኘቱ የሚጠበቅ ነው፤ ከተፋሰስ መሬት ውስጥ ውሃ የማያሰርገው ጣራና አስፋልት 10 በመቶ ገደማ ሲደርስ ጅረቶች መታመም እንደሚጀምሩ በብዙ ጥናት የታየ ሲሆን፣ በእነዚህ ሰፈሮች ድርሻው ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ልጆቹ ግን ምንም ሳያገኙ ሲቀሩ ያልተሳካላቸው ይመስላቸዋል። "አልተገኘም" ተብሎ የተጻፈ ቁጥር ከተገኘው እኩል ክብር ያለው መረጃ መሆኑን መምህሩ አስቀድሞ ካላስረዳ፣ አንዱ ልጅ የሚያጠራጥረውን እጭ ሜይፍላይ ነው ብሎ ለመጻፍ ይፈተናል።

ስላይጎ ሊያገግም እንደሚችል ደግሞ ከራሱ ታሪክ ይታወቃል። በ1980ዎቹ በጅረቱ የላይኛው ክፍል የቀሩት ብክለትን የሚችሉ ጥቂት የዓሣ ዓይነቶች ብቻ ነበሩ። የአናኮስቲያ መልሶ ማቋቋም ስምምነት በ1987 ከተፈረመ በኋላ በዊተን አካባቢ የዝናብ ጎርፍን የሚያቆሙ ኩሬዎች ተሠሩ፣ የጅረቱ ወለል ተስተካከለ፣ ከጎረቤት ጅረቶች የተወሰዱ ዓሣዎችም ተመለሱበት። የዓሣው ዓይነት ጨመረ። ለተማሪ ከዚህ የሚበልጥ መነሻ መረጃ የለም፤ ዛሬ የሚቆጥረው ቁጥር ከትናንቱ ጋር የሚነጻጸርበት ታሪክ አለውና።

የትምህርት ቤት ሰዓትና የውሃ ሰዓት

በተማሪዎች መረጃ ላይ የሚነሣው የተለመደ ጥርጣሬ "ልጆች በትክክል አይለኩም" የሚል ነው። እኔ ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ የትምህርት ቤቱ የጊዜ ሰሌዳ ነው። ጥንቃቄ የተማረ ልጅ በውሃ ውስጥ የሟሟውን የኦክስጅን መጠን እንደ ማንም አዋቂ ይለካል፤ ስሕተት ቢኖርም ሦስት ድጋሚ ልኬት በማድረግና መሣሪያውን መጠኑ አስቀድሞ በታወቀ ፈሳሽ በማረጋገጥ ይያዛል። ትምህርት ቤቱ የሚወጣበትን ሰዓት ግን ድጋሚ ልኬት አያርመውም።

ኦክስጅንን እንውሰድ። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ 14.6 ሚሊ ግራም በሊትር፣ በ30 ዲግሪ ደግሞ 7.5 ገደማ ብቻ ነው የሚችለው። በዚያ ላይ በውሃው ያሉ ዕፅዋትና አልጌዎች ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ያወጣሉ፣ ሌሊት ግን ሁሉም ይተነፍሳሉና መጠኑ እየወረደ ሄዶ ከንጋት በፊት ዝቅተኛው ላይ ይደርሳል። ዓሣ በጭንቅ የሚሞተው በዚያ ሰዓት ነው። የተማሪዎች አውቶቡስ የሚደርሰው ግን ከረፋዱ በኋላ፣ ውሃው ማገገም በጀመረበት ሰዓት ነው። በቦታው የተለካው 8 ሚሊ ግራም ፍጹም ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ጅረቱ ንጋት ላይ ከ5 በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል።

ዝናብም እንዲሁ ነው። ወደ ጅረቱ ከሚገባው ደለል፣ ባክቴሪያና ማዳበሪያ አብዛኛው የሚመጣው በጎርፍ ሰዓት ሲሆን፣ ትምህርት ቤት ግን ዝናብ ሲጥል ጉዞውን ይሰርዛል፤ መሰረዙም ለልጆቹ ደኅንነት ግዴታ ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ ያሉትን ሁለትና ሦስት ቀናት ማንም ልጅ ወደ ከተማ ጅረት መግባት የለበትም። ኦክስጅን የሚቀንስበትና ባክቴሪያ የሚበዛበት የበጋ ሙቀት (ከጁን እስከ ኦገስት ያለው) ደግሞ ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት ነው። ስለዚህ የተማሪዎች መረጃ ያለ ማስተካከያ ተሰብስቦ ሲታይ ጅረቱን ከእውነተኛ ሁኔታው የተሻለ አድርጎ ያሳያል። ይህንን ጉድለት የሚያሟሉ ሌሎች አሉ፤ ለምሳሌ በዲሲ አናኮስቲያ ሪቨርኪፐር የተባለው ማኅበር የሚያሠለጥናቸው በጎ ፈቃደኞች በሞቃቱ ወራት በየሳምንቱ ከተወሰኑ ቦታዎች ናሙና እየወሰዱ የሰገራ ብክለት ምልክት የሆነውን የኢ. ኮላይ ባክቴሪያን መጠን ይመረምራሉ፤ በዲሲ ደንብ የአንድ ናሙና ገደብ በ100 ሚሊ ሊትር 410 ነው። የተማሪዎች ድርሻ የሚሆነው በጊዜ ሰሌዳቸው የማይዛባውን መለኪያ መምረጥ ነው፤ የነፍሳት እጮች ከእነዚህ አንዱ ናቸው፣ ጨው ሌላው።

ጨው

በብርዱ ክረምት መንገድ ላይ የሚበተነው የበረዶ ማቅለጫ ጨው በዚህ ተፋሰስ ካሉ ችግሮች ሁሉ ይልቅ ከተማሪ ክትትል ጋር የሚገጥም ነው እላለሁ። የሚበተነው ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ወቅት ነው፤ ለመለካት ወደ ውሃው መግባት አያስፈልግም፤ ምንጩም ከልጁ ደጃፍ ይጀምራል።

ጨው ሲሟሟ የሚወጣው ክሎራይድ በምንም ነገር አይበሰብስም፤ አፈር አያስቀረውም፣ የተለመደው የመጠጥ ውሃ ማጣሪያም አያወጣውም። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት፣ ኢፒኤ፣ ለውሃ ውስጥ ሕይወት ያስቀመጠው ገደብ ለረዥም ጊዜ 230፣ ለአጭር ጊዜ ደግሞ 860 ሚሊ ግራም በሊትር ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ በዚሁ በሞንትጎመሪ ካውንቲ በጌይዘርስበርግ የሚገኘውና በ1922 የተመሠረተው የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበር፣ አይዛክ ዋልተን ሊግ፣ ሶልት ዎች በተባለው መርሐ ግብሩ፣ የክሎራይድ መለኪያ ወረቀት ለጠየቀው ሁሉ በነፃ ይልካል። ተማሪው ወረቀቱን በቀዳው ውሃ ውስጥ አቁሞ ይጠብቃል፤ በወረቀቱ ላይ የሚወጣው ነጭ ምልክት የደረሰበትን ከፍታ ያነባል፤ ከመለኪያው ጋር በሚመጣው ሠንጠረዥም ወደ መጠን ይለውጠዋል። ከዚያ ወረቀቱን ፎቶግራፍ አንሥቶ ከቁጥሩ ጋር ይልካል። ፎቶግራፉ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ልኬቱን ማንም ከቢሮው ሆኖ እንደገና እንዲያነበው ስለሚያስችል፣ ለልጁ ቃል ዋስ ይሆነዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው የበጋው ልኬት ነው። በረዶ ከቀለጠ ከወራት በኋላ፣ ዝናብ ባልጣለበት ሳምንት፣ የጅረቱ ውሃ የሚመጣው ከከርሰ ምድር ነው። በዚያን ጊዜ ክሎራይድ ከፍ ብሎ ከተገኘ ጨው ወደ መሬት ውስጥ ዘልቆ ተጠራቅሟል ማለት ነው፤ ዛሬ መበተን ቢቆም እንኳ ለዓመታት ሲወጣ ይኖራል። ይህንን የሚያረጋግጥ አንድ የጁላይ ቁጥር ከብዙ የጃንዋሪ ቁጥሮች ይልቅ ይከብዳል።

መረጃው የሚደርስበት ቦታ

በ2015 በኢፒኤ የቼሳፒክ መርሐ ግብር ድጋፍ የቼሳፒክ ክትትል ትብብር የተባለ ኅብረት ተቋቋመ። አይዛክ ዋልተን ሊግ አንዱ አባል ሲሆን፣ ሌላው በፔንስልቬኒያ ዲኪንሰን ኮሌጅ በ1986 የአሲድ ዝናብን ለመከታተል የተጀመረውና የኮሌጅ ተማሪዎች ነዋሪዎችን የሚያሠለጥኑበት አላርም የተባለ ተቋም ነው። ኅብረቱ ያደረገው ዋና ነገር የበጎ ፈቃደኞችንና የተማሪዎችን መረጃ በሦስት ደረጃ መክፈሉ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ለትምህርትና ለግንዛቤ የሚውል ነው። ሁለተኛው አሠራሩ የተጻፈና የሚታወቅ ሆኖ የጅረትን ጤና ለመቃኘትና ችግር ያለበትን ቦታ ለመጠቆም ያገለግላል። ሦስተኛው ከመንግሥት ባለሙያዎች ልኬት እኩል ተቆጥሮ፣ በሕግ የተበከሉ ውሃዎችን ዝርዝር ለመወሰን ጭምር ሊያገለግል ይችላል።

ይህ አከፋፈል ለተማሪዎች ፍትሐዊ ነው የምለው ማንንም በዕድሜው ስለማይመድብ ነው። የተጻፈ አሠራር የተከተለ፣ መሣሪያውን ያረጋገጠና ድጋሚ ናሙናውን ያስመዘገበ ክፍል ሁለተኛው ደረጃ ላይ ይደርሳል። የመጀመሪያው ደረጃ ላይ የቆመውም መረጃው አልተጣለም፤ ምን ሊያደርግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል በግልጽ ተነግሮት ተቀምጧል። መምህራን በዓመቱ መጀመሪያ ላይ መወሰን ያለባቸው የትኛውን ደረጃ እንደሚፈልጉ ነው፤ ሁለተኛውን የፈለገ ቦታውን፣ ቀኑንና አሠራሩን ዓመት ከዓመት ሳይቀያይር መያዝ ይኖርበታል። በየዓመቱ አዲስ ጅረት እየመረጡ መሄድ ለልጆቹ የሚያስደስት ቢሆንም፣ ለውጥን የሚያሳይ ተከታታይ መረጃ አይወልድም።

ወንዙ ባለፉት ዓመታት መሻሻሉ እውነት ነው፤ ለዚህ ግን ምስጋናው ለማን እንደሚገባ በትክክል መናገር አለብን። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ክስና ገንዘብ ነው። የአካባቢው ማኅበራት በ2000 ከመሠረቱት ክስ በኋላ በ2005 በተደረሰው የፍርድ ቤት ስምምነት የዲሲ የውሃ ባለሥልጣን ግዙፍ የመሬት ውስጥ ዋሻዎችን ለመገንባት ተገደደ፤ የአናኮስቲያ ዋሻ በማርች 2018፣ የሰሜን ምሥራቁ ዋሻ በሴፕቴምበር 2023 ሥራ ጀመሩ፣ ወደ አናኮስቲያ ይገነፍል የነበረውም ድብልቅ ፍሳሽ በ98 በመቶ እንዲቀንስ ተደርገው ተሠሩ። ይህንን ተማሪ አላመጣውም፣ ሊያመጣውም አይችልም ነበር። በደለሉ ውስጥ ያለውን ኬሚካልም ልጆች አይለኩትም። ዋሻዎቹ ከተሠሩ በኋላ ግን የቀረው ብክለት ጠባዩ ተለውጧል፤ ከጥቂት ትልልቅ ቱቦዎች ሳይሆን ከላይ፣ ከሜሪላንድ ሰፈሮች፣ ከሺህ ጣራዎች፣ ግቢዎችና መኪና ማቆሚያዎች የሚመጣ ሆኗል። እንዲህ የተበታተነ ምንጭ በጥቂት የመንግሥት መለኪያ ጣቢያዎች አይያዝም፤ በየሰፈሩ ያለ ዓይን ይፈልጋል።

በአማርኛ ተናጋሪው ቤት

በዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶችም ለወላጆች የሚላኩ ጽሑፎችን በአማርኛ ያዘጋጃሉ። ስለዚህ ስለ ጅረት ጉዞ የሚላከው የፈቃድ ወረቀት ለወላጅ በቋንቋው ሊደርሰው ይችላል። ልጁ ያገኘው ውጤት ግን ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይቀራል። ይህ ክፍተት መሞላት ያለበት ነው፤ ምክንያቱም በጅረቱ ላይ የሚወስነው ሰው ልጁ ሳይሆን ወላጁ፣ ባለ ሱቁና የቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ ናቸው። መኪና በመንገድ ዳር የሚያጥበው፣ የተረፈ ዘይት የሚደፋው፣ ለግቢው የበረዶ ጠራጊ የሚቀጥረው እነርሱ ናቸው። ጨው በብዛት የሚበተነው ሰው ተንሸራትቶ ይወድቅብናል፣ እንከሰሳለን ከሚል ተገቢ ስጋት ነው፤ ነገር ግን 350 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ትልቅ ኩባያ ጨው 6 ሜትር ለሚሆን የመኪና መግቢያ እንደሚበቃ ብዙ ሰው አያውቅም። ከቤቱ በታች ባለው ጅረት የልጁ እጅ የለካውን ቁጥር በራሱ ቋንቋ የሰማ አባት ከማንኛውም በራሪ ወረቀት ይልቅ ያምነዋል ብዬ አምናለሁ።

ለሚመጣው ክረምት አንድ መምህርና ጥቂት ቤተሰቦች ሊጀምሩት የሚችሉት ሥራ ይህን ይመስላል። በስላይጎ ወይም በገባሩ ላይ ጎርፉ ከአንድ ትልቅ መኪና ማቆሚያ ከሚገባበት በላይና በታች ሁለት ቦታዎች ይመረጣሉ፤ ሁለቱም ከመንገድ ወይም ከድልድይ በባልዲ ውሃ ለመቅዳት የሚመቹና ልጅ ወደ ውሃው እንዲገባ የማያስገድዱ መሆን አለባቸው። ጨው ከመበተኑ በፊት በኖቬምበር የመነሻው ልኬት ይወሰዳል። ከዚያ ጨው ከተበተነ በኋላ፣ በረዶው በሚቀልጥበት ቀንና ቀጥሎ ከሚመጣው ዝናብ በኋላ በሁለቱም ቦታዎች በተመሳሳይ ሰዓት ይለካል፣ ፎቶግራፉም ይላካል። በማርች ወይም በኤፕሪል ከታችኛው ቦታ የነፍሳት ናሙና በአሠልጣኝ መሪነት ይወሰዳል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የጁላዩን ልኬት የሚወስድ ቤተሰብ ስሙ ከወዲሁ ይጻፍ፤ መለኪያ ወረቀቱም ይሰጠው። ቁጥሮቹ ለካውንቲው የአካባቢ ጥበቃ ክፍልና ለመኪና ማቆሚያው ባለቤት በእንግሊዝኛ፣ ለሰፈሩ ቤተሰቦች በአማርኛ፣ በአንድ ገጽ ላይ የላይኛውና የታችኛው ቦታ ጎን ለጎን ሆነው፣ ቀጣዩ ኖቬምበር ከመግባቱና የጨው ውል ከመታደሱ በፊት ይቅረቡ።